አራተኛው መልስ

ትንቢት ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳሪስ፣ ከአንድ የሴራሚክ መደብር በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ስትል እንኳ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። ሆኖም የሁሉም ሰው ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ትንቢት ስትቆጣ ቃሏ እንደሚያጥር፣ አንገቷ ደግሞ ቀና እንደሚል የማያውቅ ባልደረባ የላትም።

ቢሮው ጌም የሚሠራበት ቢሮ ነው። ሲደክሙበት የቆዩት ጌም «ማዶ» ይባላል። ተጫዋቹ ጠጄ የምትባል ወጣት ሆኖ፣ አደራ ይዞ፣ ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉ መንደሮች ውስጥ ይጓዛል። ጠጄ ጦርም ሰይፍም የላትም፤ ያላት አፏ ብቻ ነው። ሰው ባናገራት ቁጥር በስክሪኑ ግርጌ ሦስት መልሶች ይወጣሉ። ከመልሶቹ በላይ አንዲት ቢጫ መስመር እንደ ጧፍ እያጠረች ትሄዳለች፤ ተጫዋቹ መስመሯ ሳታልቅ አንዱን መልስ መንካት አለበት። መልሶቹን የምትጽፈው ትንቢት ናት። መልሱ ከተነካ በኋላ የሚሆነውን በኮድ የሚያበጀው ሮሪሳ ነው። መንደሩን፣ ወንዙንና የሰዎቹን ፊት የሚሥለው ደግሞ ኑሪ ነው።

ትንቢት ሥራ የጀመረች ሰሞን ያወጣችው አንድ ሕግ ነበር። «ተጫዋቹ እንደፈለገ የሚናገር ይመስለዋል እንጂ እኛ ከጻፍንለት ውጭ አንዲት ቃል አይወጣውም» ብላቸዋለች። «የሰው አፍ በእጃችን ነው። እንግዲያው በየንግግሩ ውስጥ፣ ሌላው ቢቀር፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚናገራት አንዲት መልስ አናሳጣው።» ኑሪ ለዚህ ሕግ «የትንቢት ቀረጥ» የሚል ስም አወጣለት። አዲስ ንግግር በተጻፈ ቁጥር «ቀረጡ ተከፍሏል?» ይላል፤ እሷም ፈገግ ሳትል «ተከፍሏል» ትላለች።

ያን ዕለት ጌሙን እንድትሞክርላቸው የመጣችው ሳምራ የምትባል የቃሊቲ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጠጄን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ ቤቷ የሚመጡበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ሳምራ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ማሰብ ጀመረች። ቢጫዋ መስመር አጠረች፣ አጠረችና አለቀች። ወዲያው ከበሮ ተመታ፤ ጠጄ ካባ ለብሳ ታየች።

«እንዴ፣ ዳሩኝ እንዴ?» አለች ሳምራ። «እኔ እኮ ገና እያሰብኩ ነበር።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ኑሪ። «ካባውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ እንደቀየርኩት አትጠይቂኝ፤ ብቻ ቅር እንዳይልሽ።»

ሁሉም ሳቁ። ትንቢት አልሳቀችም። ያቺን ጥያቄ የጠየቀችው ይሄኔ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሮሪሳ ከጥግ።

ሮሪሳ ከማንም ጋር ሲያወራ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ከትንቢት ጋር ሲያወራ ግን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን ልብ ያለ ሌላ ሰው የለም፤ እሷ ግን ካስተዋለችው ቆይታለች። አሁንም አወለቀው።

«መስመሯ ስታልቅ ምን እንደሚሆን አልጻፍሽም» አላት። «ቦታው ባዶ ነበር። ኮድ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ የሆነ ነገር ማስገባት ነበረብኝ።»

«ባዶ ያገኘኸውን ሁሉ በእሺ ትሞላዋለህ?»

«ሽማግሌ ፊት ነው እኮ። ልጅቷ ሽማግሌ ፊት ዝም ካለች ተስማማች ነው የሚባለው። እኛም ጋ እንደዚያ ነው፤ እናንተም ጋ እንደዚያ ነው። እህቶቼ ሲጠየቁ መሬት መሬቱን አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ እልል ተባለ። ሌላ ነገር መጻፍ ትዝም አላለኝ።»

«እያሰበች ቢሆንስ?» አለች ትንቢት። «ፈርታ ቢሆንስ? ወይ ደግሞ እሺ ልትል ፈልጋ፣ ግን በራሷ ቃል እንድትለው ትንሽ እንዲጠብቋት ፈልጋ ቢሆንስ?»

የመጨረሻውን ስትናገር ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ሮሪሳ ፊት ላይ የነበረው ደም ቀስ ብሎ ሲሸሽ አየች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለሱ የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቀው ቆመው ነበር። የቃሊቲ መጋዘኖች በመስኮቱ እያለፉ ሳለ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «ሽማግሌ ብልክ ምን ትያለሽ?» አላት። እሺ ማለት ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ያን የሚያህል ጥያቄ በሰው ክርንና በሻንጣ መሃል በተጣለች አንዲት ቃል መመለስ አልሆነላትም። ደግሞም የአባቱ ነገር ነበር። ቃሏን እየመረጠች ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሳታገኘው እሱ የሚወርድበት ፌርማታ ደረሰ። ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር። ነገ ደግሞ ይጠይቀኛል ብላ አሰበች። አልጠየቃትም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ፣ ለምን ዝም እንዳለ ስታሰላስልና ኩራቷ «አንቺ እንዳትጀምሪው» ሲላት ነበር ያሳለፈችው።

«ሮሪሳ» አለች በጣም ዝግ ብላ። «ለአባትህ ምን ነገርካቸው?»

መልሱን ከአፉ በፊት ፊቱ ላይ አነበበችው። የተሰማት ንዴት ይሁን ፍቅር ለመለየት ብትሞክርም አልቻለችም።

•

ደረጃው ላይ ወጥተው ቆሙ። ከታች የሳሪስ መንገድ እንደተለመደው ይጮሃል።

«እሺ ብላለች አልኩት» አለ ሮሪሳ።

«በማን አፍ?»

ሮሪሳ ወደ መንገዱ ዞረ።

«ንገረኝ እንጂ። በማን አፍ ነው እሺ ያልኩት?»

«በእኔ» አለ። ከዚያ እጁን በደረጃው ብረት ላይ አሳርፎ «አባቴን አታውቂውም፣ ትንቢት» አላት።

በዓይን ባታውቃቸውም በወሬ ታውቃቸዋለች። ኦቦ ጉዲሳ የኮዬ ፈጬ ሰው ናቸው፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን ማሳ በነበረ ጊዜ። ዛሬ ትንቢትና እናቷ የሚኖሩበት ሕንፃ የቆመው እሳቸው ጤፍና ሽምብራ ሲያፈራርቁበት በኖሩት መሬት ላይ ነው። መሬቱ ለግንባታ ከሄደ በኋላ ኦቦ ጉዲሳ በቃሊቲ በኩል ቤት ሠርተው ተቀመጡ፤ ያን ቦታ ግን ዳግመኛ አልረገጡትም። ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲሄዱ እንኳ ዞረው ነው። ወጉ ደግሞ የወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ቤት ሄዶ፣ ደጅ ቆሞ፣ «ተቀመጡ» እስኪባል እንዲጠብቅ ነው። ለኦቦ ጉዲሳ ይህ በገዛ ማሳቸው ላይ ደጅ መጥናት ነው።

«ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለሽ» አለ ሮሪሳ። «'በገዛ አውድማዬ ላይ ደረጃ ወጥቼ አስገቡኝ አልልም' ነበር መልሱ። ባለፈው 'ልጅቷ እሺ ብላለች' ስለው ግን ብዙ ቆየና፣ 'ልጅቷ እሺ ካለችማ እወጣለሁ' አለኝ። አጎቴን ጂራታን ይዞ እሁድ ሊመጣ ነው።»

«እኔ ላልተናገርኳት ቃል ብለው ነዋ ኩራታቸውን የዋጡት።»

«እውነቱን እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«'አልመለሰችልኝም፣ እኔ ነኝ የመለስኩላት' ብዬ። ቀረሁ ካለም ይቀራል።»

«ይጠሉኛል።»

«የሚያፍረው በእኔ ነው» አለ። አንዴ አያትና ዓይኑን መለሰ። «የምትወጂኝ መስሎኝ ነበር። ይህንንም እኔው ሞልቼው ይሆናል።»

ሞልተኸው አይደለም ልትለው ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ነገር ግን ሌላ ሰው እሺ ባለላት ማግስት እወድሃለሁ ማለት፣ ያንኑ ያልተናገረችውን እሺ እንደ መፈረም ሆኖ ታያት። ቢጫዋን መስመር በዓይኗ ያየቻት መሰላት፤ አጠረች፣ አጠረች። ሮሪሳ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቢሮው ገባ። ትንቢት እዚያው ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የተመካችበት ኩራት ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከበዳት።

•

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከእናቷ ከአስቴር ጋር ልብስ ያጣጥፉ ነበር። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አጠገብ ማንም የማይቀመጥበት አንድ ወንበር አለ። የትንቢት አባት የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ለዚህ ቤት ተመዝግቦ ሲቆጥብ ኖሮ፣ ዕጣው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሞተ። ስሙ ተጠራ፤ አቤት የሚል ግን አልነበረም። ወንበሩን የገዛው ገና ቤቱ ሳይደርሰው፣ «መስኮት ዳር የሚሆን» ብሎ ነው። አስቴር ስለዚህ ነገር አታወራም። በየማለዳው ግን ወንበሩን ትወለውለዋለች።

ትንቢት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ እያገጣጠመች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ወደሽዋል?»

«ወድጄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?»

«ቃል እየፈለግኩ ነበር። በራሴ ቃል ልመልስለት ፈልጌ።»

አስቴር አንሶላውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «አባትሽ ሲጠይቀኝ እኔም ዝም ብዬ ነበር» አለች። «እሱ ግን ተመልሶ መጥቶ እንደገና ጠየቀኝ።»

ከዚያ ተነሥታ የታጠፈውን ልብስ ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰደች። ትንቢት ሌላ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ሌላ ነገር አላለችም።

ስልኳ ጮኸ። ኑሪ ነው።

«ቀራጯ፣ ሰውየውን ምን አድርገሽው ነው?» አላት። «ከትናንት ጀምሮ ከሰው ጋር አያወራም። ዛሬ ደግሞ ቢሮ ጠርቶኝ ቅዳሜዬን ገደለው። ጥላ ሣል አለኝ።»

«የምን ጥላ?»

«የሽማግሌዎቹን ጥላ። ልኬልሻለሁ፣ ክፈቺና እዪው። እኔ እንደሆንኩ አዘንኩላቸው፤ በዚህ ዓይነት እግራቸው ማለቁ ነው።»

ላፕቶፗን ከፍታ ጌሙን አስነሣች። ሽማግሌዎቹ ጠጄ ደጅ ደርሰው ቆሙ፤ ጥያቄውን ጠየቁ። ሦስቱ መልሶች ከግርጌ ወጡ። ቢጫዋ መስመር ግን የለችም። ትንቢት እጇን ከኪቦርዱ አነሣችና ዝም ብላ ተቀመጠች።

ከበሮ አልተመታም። ካባ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ። ጥላቸው አጠረ፤ ከዚያ በሌላው ጎናቸው ቀስ እያለ ረዘመ። አንደኛው ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኝ አዛወረ፤ ሌላኛው በዱላው ላይ ተደገፈ። ጠጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ማንም አልመለሰላትም። ማንም አላጣደፋትም። ከሦስቱ መልሶች በታች ያለው ስፍራ ባዶውን ቀረ።

ትንቢት ዓይኗ ሞላ። ሆኖም እንባዋን አላፈሰሰችውም። ለሮሪሳም አልደወለችም፤ ነገ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይኑር አይኑር አታውቅማ። ያወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የምትወደው ሰው መጠበቅ ተምሯል። ይህን ማወቅ ብቻውን ልቧን አሞቀው።

•

እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሩ ተንኳኳ።

ሁለት ሰዎች ናቸው። ፊት የቆሙት ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ቁርጥ የሮሪሳን ነው። ከኋላቸው ያለው ወፍራም ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ ያለከልካል።

«ድሮ እዚህ ቦታ ላይ ሽቅብ አልነበረም» አለ ወፍራሙ፣ አጎት ጂራታ።

አስቴር ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ግቡ» አለች። ገቡ። እንደ ወጉም ሳይቀመጡ በሩ አጠገብ ቆሙ። ኦቦ ጉዲሳ ወለሉን ትኩር ብለው አዩት፤ ከሴራሚኩ ሥር ያለውን አፈር የሚያዩ ይመስል ነበር።

«ወጉ ከእርስዎ ጋር እንድንነጋገር ነው» አሉ ለአስቴር። «ዛሬ ግን ከፈቀዱልኝ መጀመሪያ ልጅቷን ላናግራት።»

አስቴር ልጇን አየቻት። «ያናግሯት» አለች።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ሽማግሌው ወደ ትንቢት ዞረው። «ልጄ፣ ሮሪሳ መጣና 'አልመለሰችልኝም' አለኝ። ተናደድኩ። ቀረሁም ብዬው ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዚህ መሬት ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲመክር እኔ ዳር ተቀምጬ ነበር። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ነገሩ ከብዶኝ ቃሌን እየፈለግኩ ነበር። አንዱ ጎረቤታችን ብድግ አለና 'ጉዲሳም ዝም ብሏል፤ ተስማምቷል ማለት ነው' አለ። ነገሩም በዚያው አለፈ። ከመሬቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ያቺ ቃል ናት። ምክንያቱም እኔ አላልኳትም።»

ጂራታ ማለክለኩን ተወ። ይህን ከወንድሙ አፍ ሰምቶት የማያውቅ ይመስላል።

«የገዛ ልጄ አንቺ ላይ እንደዚያው ማድረጉ ሲገባኝ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም» አሉ ኦቦ ጉዲሳ። «ይህን ደረጃ የወጣሁት እሺ ብለሻል ተብዬ አይደለም። የምር የጠየቀሽ ሰው ስለሌለ ልጠይቅሽ ነው። እሺ ማለት ትችያለሽ። እምቢ ማለት ትችያለሽ። ጊዜ ስጡኝ ማለትም ትችያለሽ። ቆመን እንጠብቃለን።»

ሦስት መልስ። ትንቢት ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ሲመጣባት ተሰማት። ስንት ሰው አፍ ላይ መልስ ስታስቀምጥ የኖረች ልጅ፣ ዛሬ የሷ ተራ ደርሶ ሦስት መልስ ቀረበላት፤ እሷ የምትፈልገው ግን ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «አውድማዎ የቱ ጋ ነበር?»

ኦቦ ጉዲሳ መልስ ሳይሰጡ ቆዩ። ትንቢት አላጣደፈቻቸውም። በመጨረሻ በዝግታ ተራምደው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«ያ ነጭ መኪና የቆመበት» አሉ። «እዚያ ነበር የምንወቃው። ከሱ ወዲህ እስከዚህ ሕንፃ ድረስ ጤፍ ነው። መረሬ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጥል የሰው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ሮሪሳ አንዴ ጫማውን አስበልቶ እያለቀሰ በአንድ እግሩ ሲዘል መጥቶ…» ድምፃቸው ቆመ። እንደገና ሲጀምሩ በውስጡ የነበረው ምሬት ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር። «ጥሩ ማሳ ነበር። ከዚህ እስከ ወንዙ እንደሱ የሚያበቅል አልነበረም።»

«ወጥ ቤታችሁ በኩል ደግሞ የእኔ ሽምብራ ነበር» አለ ጂራታ። «ብታዩት እኮ አይናቅም።»

አስቴር ቀስ ብላ መጣችና ባዶውን ወንበር ከግድግዳው አራቀችው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ይህ ቤት የወጣው በባለቤቴ ስም ነው» አለች። «ሳያየው ነው የሄደው። ወንበሩ የእሱ ነው።» መደገፊያውን በመዳፏ ጠረገችው። «ከዚህ ላይ ሆነው አውድማዎ ደህና ይታያል።»

ኦቦ ጉዲሳ ወንበሩን አዩት፤ ከዚያ ሴትዮዋን። «ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ፣ እህቴ» አሉ። ግን አልተቀመጡም። የልጅቷን ወገን ቃል ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ የለም።

«ጋሽ ጉዲሳ» አለች ትንቢት። አንገቷ ቀና ብሏል። «ሮሪሳን እወደዋለሁ። መልሴን ግን ለእርስዎ አልሰጥዎትም። መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ለእሱ ነው የምነግረው። እኔ ሄጄ እስክመለስ ቆማችሁ አትጠብቁ። ተቀመጡ።»

«ተቀመጡ» የምትለው ራሷ ልጅቷ የሆነችበት ቤት ጂራታ አይቶ አያውቅም። ዞር ብሎ ወንድሙን አየ። ኦቦ ጉዲሳ አስቴርን አዩ።

«ተቀመጡ ብላለች እኮ» አለች አስቴር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮት ዳር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ትንቢት የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ያኔ ያ ስብሰባ ላይ ይህችን ልጅ ይዤ መሄድ ነበረብኝ» አሉ።

አስቴር መለስ ብላ ወንበሩን አየችው። ሰው ተቀምጦበታል። ከንፈሯን ገጥማ ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ጀርባዋ ግን ከዚያ ቀን በፊት ትንቢት አይታው በማታውቀው ዓይነት ቀጥ ያለ ነበር።

•

ሽማግሌ የላከ ወንድ በዚያ ቀን በልጅቷ ሰፈር አይታይም። ሮሪሳ ግን አባቱ ብሎኩን ስለማያውቁት ሊያሳያቸው መጥቶ ነበር። ኦቦ ጉዲሳ በገዛ ማሳቸው ላይ የቤት ቁጥር መጠየቅ አልሆነላቸውም። እሱም ካደረሳቸው በኋላ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንዳይሄድ እግሩ አልታዘዘው፣ እንዳይጠጋ ወጉ ከለከለው።

ትንቢት ያለበትን ከአጎቱ ሰምታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ስትመጣ አያት። ማዳመጫው አንገቱ ላይ አልነበረም። ዛሬ ከቤቱም አላመጣውም።

«ተከተለኝ» አለችው።

በሕንፃዎቹ መሃል አልፈው መኪና ማቆሚያው ጋ ደረሱ። ከነጩ መኪና አጠገብ ቆመች። እሱ መሬቱን አየ፤ የት እንዳለ ወዲያው ገባው። ይህን ቦታ ማንም ሳያሳየው በእግሩ ያውቀዋል።

«ማን ነገረሽ?»

«አባትህ። ከመስኮቱ ሆነው አሳዩኝ።»

ሮሪሳ ቀና ብሎ ወደ አራተኛ ፎቅ ተመለከተ። መስኮቱ ዳር አንድ ሰው ተቀምጧል። ተቀምጧል። የዚህን ትርጉም የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ያለፈው ሳምንት ሮሪሳ ቢሆን ይህ ይበቃው ነበር፤ ፊቱ በርቶ ሮጦ ይሄድ ነበር።

ትንቢት ዝም ብላ አየችው። ልትፈትነው አልነበረም። ከቤት ስትወጣ አዘጋጅታው የነበረው ዓረፍተ ነገር ደረጃው ላይ ተበትኖባት ነው። አሁን አንድ በአንድ እየለቀመችው ነበር።

ሮሪሳ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ሰው አወረደ፤ ሰው ጭኖ ሄደ። የሆነች ሴት ፌስታል ይዛ በአጠገባቸው አለፈች። እሱ ቆሞ ጠበቀ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ ግን ጠበቀ።

«መስመሯን አጥፍቻታለሁ» አላት በመጨረሻ በለሆሳስ። «የፈለግሽውን ያህል ቆዪ።»

«አይቻለሁ» አለች። «ጥላቸውንም አይቻለሁ።» ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እንደገና ጠይቀኝ።»

«ትንቢት» አለ። «ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ።»

ድምፅዋ ከሕንፃዎቹ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ፌስታል የያዘችው ሴት ዞራ አየች። አንድ ሰው ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ አንገቱን አወጣ። ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ልጅ፣ አፈሩ በተሸፈነበት አውድማ ላይ ቆማ፣ ማንም ሳይጽፍላት የራሷን ቃል እንደገና አለችው፦

«አገባሃለሁ፣ ሮሪሳ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለጠየቀህ ሁሉ በኔው አፍ ንገረው።»

እሱ ዓይኑ ሞልቶ ዝም አለ። ትንቢትም ዝምታው ምን እንደሆነ አልገመተችም፤ እስኪናገር ጠበቀችው። ከላይ፣ መስኮቱ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ከሌላ ሰው ወንበር ላይ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን ወደ ማሳቸው ከፍ አደረጉ። የትንቢት አንገት እንደ ወትሮው ቀና ያለ ነበር። ዛሬ ግን ቀና ያለው የሚነካባት ነገር እንዳይኖር ፈርታ አልነበረም። ልቧ ሞልቶ ነበር።